ራምቤር ከተዘጋችው ከተማ ለማምለጥ መሞከሩ ጥፋት ነው?

የፈረንሳዊውን ደራሲ የአልበር ካሙን «ላ ፔስት» የተባለ ልቦለድ ባለፈው ሳምንት ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እዚህ ጠየቅኩ፤ መልሱ 26 ደረሰ። ክሩ ረዝሞባችሁ ለተቸገራችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን የጠየቅኩት ይኸው።

መነሻ ጥያቄ

መጽሐፉ በፈረንሳይኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ለጊዜው «ቸነፈር» ብዬ ልጥራው። ታሪኩ የሚፈጸመው በአልጄሪያዋ የወደብ ከተማ በኦራን ነው። ኤፕሪል 16 ቀን ጠዋት ዶክተር ሪዩ ከቢሮው ሲወጣ የሞተ አይጥ ያደናቅፈዋል። ከዚያ አይጦቹ ከየጉድጓዱ እየወጡ መንገድ ላይ ይሞታሉ። በአንድ ቀን ብቻ 6,231 አይጥ ተለቅሞ ይቃጠላል። አይጦቹ ሲያበቁ ተራው የሰው ይሆናል። የመጀመሪያው ሟች የሪዩ ሕንፃ ዘበኛ ነው። ባለሥልጣናቱ የበሽታውን ስም ለመጥራት እየፈሩ ቀን ይገፋል። በመጨረሻ ቴሌግራም ይመጣል። ከተማዋ ትዘጋለች።

በዚያ ቀን ውስጥ የነበረ ውስጥ ቀረ። ውጭ የነበረ ውጭ ቀረ። ለጥቂት ቀን ብለው የተሰነባበቱ ባልና ሚስቶች ለወራት ተለያዩ። ደብዳቤ በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ተከለከለ። ስልኩ ተጨናንቆ ተቋረጠ። የቀረው ቴሌግራም ብቻ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አብረው የኖሩ ሰዎች ናፍቆታቸውን በአሥር ቃል መጨረስ ነበረባቸው።

ራምቤር የፓሪስ ጋዜጠኛ ነው። ለሥራ በመጣበት በሩ ተዘጋበት። የኦራን ሰው አይደለም። የሚወዳት ሴት ያለችው ፓሪስ ነው። በሽታው እንደሌለበት የሚገልጽ ወረቀት እንዲጽፍለት ሪዩን ይለምነዋል። ሪዩ እምቢ ይላል። ከዚያ በኮንትሮባንድ ነጋዴዎች በኩል ለማምለጥ ብዙ ይደክማል። ሁሉም ነገር ተመቻችቶ፣ ልክ ሊወጣ ሲል፣ ይቀራል። ብቻውን ደስተኛ መሆን እንደሚያሳፍረው ለሪዩ ይነግረዋል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ባይቀር ኖሮስ? ቢሄድ ጥፋተኛ ነበር?

የምጠይቀው ለክርክር ብዬ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ዱባይ ነበርኩ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ትኬት ቆርጬ ነበር። በረራው ተቋረጠ። ልጄ ስትወለድ በስልክ አየኋት። ያኔ የሚያሳልፈኝ ሰው ባገኝ ኖሮ፣ በሽታውን ይዤ ልሄድ እንደምችል እያወቅኩም ቢሆን፣ የምሄድ ይመስለኛል።

መልስ 1

ቀድማ የመለሰችው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። በጣም በትህትና ነው የጻፈችው። ለልጄ መልካሙን ሁሉ ተመኝታ፣ መጽሐፉን በራምቤር በኩል ካነበብኩት ግን ዋናው ነገር እንደሚያመልጠኝ ነገረችኝ። ለእሷ ዋናው ሪዩ ነው። ሪዩ ለራምቤር ነገሩ የጀግንነት ሳይሆን የሐቀኝነት ጉዳይ እንደሆነ፣ ሐቀኝነት ደግሞ ለእሱ ሥራውን መሥራት ማለት እንደሆነ የሚነግረውን ቦታ በየዓመቱ ታነበዋለች።

መልስ 2

አጭር ነው። ራምቤር ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሪዩ ይነግረው ነበር ይላል። ሪዩ ግን ወረቀቱን ይከለክለዋል እንጂ አንድም ቀን ተሳስተሃል አይለውም። ቀርቼ ልርዳችሁ ሲለው እንኳን፣ ደስታን መምረጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም ብሎ የሚመልስለት ሪዩ ራሱ ነው።

ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ። ብዙ አልቆየም።

መልስ 3

አሜሪካ ያለች ነርስ ናት። በ2020 የጽኑ ሕሙማን ክፍል ትሠራ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ልጆቿን ሳትነካ ምድር ቤት አድራለች። ምግቧን ደረጃው ላይ አስቀምጠውላት ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ራምቤርን መውደድ እንዳልቻለች ሳትሸሽግ ጻፈች። የእዚህ አገር ሰው አይደለሁም የሚለው ምክንያቱ በጣም አናዷታል። እሷም እንጀራ ፍለጋ የሄደች ሰው ናት። በሽታው ግን አገርሽ የት ነው ብሎ አልጠየቃትም።

እሷን ያስለቀሳት ሌላ ቦታ ነው። ሪዩ ማታ ማታ በየቤቱ እየዞረ ሕሙማንን ያያል። ቸነፈር ነው ካለ አምቡላንስ ይመጣል። ቤተሰቡም በሽተኛውን የሚያየው ሲድን ወይ ሲሞት እንደሆነ ያውቃል። እናቶች ይለምኑታል፣ ይጮኻሉ፣ በሩን ይዘጉበታል። መጀመሪያ አብሯቸው ይጨነቃል። በኋላ ማዘን ራሱ ይደክመዋል። ልቡ ሲደነድን ይታወቀዋል፤ ደግሞም መደንደኑ ሥራውን ያቀልለታል። ነርሷ ይህን ስሜት ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር። ለባሏም ጭምር። ሰባ ዓመት ያለፈው ልቦለድ ውስጥ ተጽፎ ስታገኘው መጽሐፉን ዘግታ ብዙ ቆየች።

መልሷ ያለቀው እኔን በመጠየቅ ነው። አንተ አልቀረህም፣ ተከለከልክ እንጂ፤ ታዲያ ራምቤርን ከራስህ ጋር ለምን ታመሳስላለህ ነው ነገሩ። ለዚህ ወዲያው መልስ አልነበረኝም።

መልስ 4

የፈረንሳይኛ መምህር ናቸው። ጥያቄውን ትተው ስለ ርዕሱ ጻፉ፤ እኔ ግን ተጠቀምኩበት። አባ ፓንሉ የሚባለው ቄስ በመጀመሪያው ስብከቱ መከራውን «ፍሌኦ» እያለ ይጠራዋል። ቃሉ በፈረንሳይኛ መቅሠፍት ማለት ነው። እህል መውቂያ ዱላም ማለት ነው። ቄሱም ሁለቱን ትርጉም አንድ ላይ ይዞ፣ እግዚአብሔር ፍሬው ከገለባው እስኪለይ ድረስ ዓለምን እንደሚወቃ ይሰብካል። መምህሩ የእኛ መቅሠፍት የሚለው ቃልም ቀሠፈ ከሚለው እንደመጣ አስታወሱን። መምታቱ አለ፤ አውድማው ግን የለም። ስለዚህ ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው እዚህ ቦታ ላይ ላቡ ጠብ ይላል አሉ።

መልስ 5 እና 6

5ኛው ቸነፈር የሚለውን ርዕስ ተቃወመ። ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ሽታ አለው፤ ካሙ ደግሞ እምነት ያልነበረው ሰው ነው፤ ስለዚህ «ወረርሽኝ» ይባል አለ። 6ኛው ዲያቆን ነው። እሱ ደግሞ ሽታው እንዲኖር የሚፈለግ ነው ባይ ነው። ወረርሽኝ የጤና ቢሮ ቃል ነው፤ ልብ አያስደነግጥም። ሰይፍና ራብ ሲነሱ አብሮ የሚነሳው ቸነፈር ነው።

ዲያቆኑ ሌላም ነገር ጨመረ። የዳኛ ኦቶን ትንሽ ልጅ ሲሞት ያለውን ምዕራፍ አንሥቷል። አዲሱ መድኃኒት የተሞከረው በዚህ ልጅ ላይ ነው። መድኃኒቱ አላዳነውም፤ ስቃዩን አራዘመው እንጂ። ቄሱ ተንበርክኮ ልጁን አድነው ብሎ ይጸልያል። ልጁ ይሞታል። ሪዩ ይህ እንኳን ንጹሕ ነበር ብሎ ቄሱ ላይ ይጮህበታል። ዲያቆኑ ብዙ አንባቢ ቄሱን እንደ ሞኝ ያያል ብሎ አዝኗል። በመጀመሪያው ስብከት ሕዝቡን እናንተ እያለ ይገሥጽ የነበረ ሰው፣ ከልጁ ሞት በኋላ በሁለተኛው ስብከት እኛ ማለት ይጀምራል። ዲያቆኑ ራሱ መስበክ ከጀመረ ወዲህ ይህቺን አንዲት ፊደል የማትሞላ ልዩነት አልረሳትም።

መልስ 7

የእኔ ነው። ስለ ርዕሱ አመስግኜ ወደ ራምቤር እንድንመለስ ለመንኩ።

መልስ 8

የመለሰችው ሴት ማንም ያላስታወሰውን አስታወሰችን። በሩ ከተዘጋ በኋላ ውጭ የቀሩት ወደ ውስጥ እንዲገቡ ተፈቅዶ ነበር። መግባት ይቻላል፣ መውጣት ግን አይቻልም። ከተማው በሙሉ አስቦበት፣ የናፈቀውን ሰው ወደ ሞት አልጠራም ብሎ ተወው። የገባችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። የሽማግሌው ሐኪም የካስቴል ሚስት። ደግሞ የሚያስቀና ትዳር የነበራቸው ሰዎች አይደሉም። ተራኪው በትዳራቸው ደስተኛ መሆናቸውን ራሳቸውም እርግጠኛ እንዳልነበሩ ይናገራል። ተለያይተው መኖር እንደማይችሉ ያወቁት በሩ ሲዘጋ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ራምቤር ይውጣ ወይ ሳይሆን፣ ሴትዮዋ ትግባ ወይ ቢሆን ምን ትሉ ነበር አለች። እሷ ስትገባ ማንም አልኮነናትም።

መልስ 9

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። የጻፈው ሰው ሁላችንንም ወቀሰ። ራምቤር ኦራን የመጣው ለምን እንደነበር አንዳችንም አላነሣንም። የመጣው የአረቦቹን ኑሮና የጤና ሁኔታ ሊዘግብ ነው። ይህ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ አረቦቹ ይጠፋሉ። የሚታመሙት፣ የሚፋቀሩት፣ የሚያለቅሱት ስማቸው ሁሉ የአውሮፓ ስም ነው። አንድም አረብ ስም ተሰጥቶት አይናገርም፣ አይሞትም። የአፍሪካ ከተማ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ይህን ሲያደርግ፣ እኛ አፍሪካውያን ቁጭ ብለን ስለ ፓሪሱ ፍቅረኛ መጨነቃችን ያሳዝናል አለ።

መልስ 10

ሌላው ወዲያው ተቆጣ። ካሙ በ1939 «አልዤ ሬፑብሊካን» ለሚባል ጋዜጣ የአልጄሪያ ተራራማ ክፍል ወደሆነችው ካቢሊያ ድረስ ሄዶ ስለ ረሃቡ ተከታታይ ዘገባ እንደጻፈ አስታወሰ። ልጆች ከውሻ ጋር ለቆሻሻ ሲሻሙ አይቶ የጻፈ ሰው ነው። ድሃ ቤት ነው ያደገው። አባቱ በ1914 በጦርነት ሞቷል። እናቱ ማንበብ አትችልም ነበር። ይህን ሰው በቅኝ ገዢነት መክሰስ ነውር ነው አለ።

መልስ 11

9ኛው ተመለሰ፤ አሁን ይበልጥ ተናዷል። ቅኝ ገዢ ነው እንዳላለ፣ ያለው ሌላ እንደሆነ ጻፈ። ረሃባቸውን በዓይኑ አይቶ የዘገበ ሰው ልቦለዱ ውስጥ ሲተዋቸው ሳያውቅ አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ሐያሲው ኤድዋርድ ሰዒድ በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ጉዳይ ካሙ ላይ አንሥቷል። መጨረሻ ላይ 10ኛውን መጽሐፉን ድጋሚ አንብብ ብሎ አዘዘው። ያቺ መስመር ባትኖር መልካም ነበር።

መልስ 12

የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ሁለቱንም ወንድሞቼ ብላ ለማብረድ ሞከረች። ግን 9ኛውን ደግፋለች። ራምቤር ሪዩን መጀመሪያ ሲያገኘው፣ እውነቱን በሙሉ መጻፍ ትችላለህ ወይ ብሎ ሪዩ ይጠይቀዋል። ራምቤር በሙሉማ አልችልም ይላል። ሪዩም ግማሽ እውነት ለሚጽፍ መረጃ አልሰጥም ይለዋል። ያ ዘገባ ሳይጻፍ ቀረ።

እኔ ይህን ገጽ አልፌው ነበር ያነበብኩት። ራምቤር እንዲወጣ እንጂ ምን ሊሠራ እንደመጣ ትዝ አላለኝም። 9ኛው ቁጣው ቢበዛም እውነት አለው። መጽሐፉን መውደዴን አልተውኩም፤ አረቦቹ የሌሉባትን ኦራን ግን ከእንግዲህ ሳላስተውል አላልፍም።

መልስ 13

ለጥያቄዬ ትልቁን ነገር ያመጣው ይህ ነው። ጸሐፊው የካሙን ሕይወት በደንብ ያውቃል። ካሙ በ1942 ሳንባ ነቀርሳው ስለተነሣበት ለሕክምና ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተራሮች ሄደ። ባለቤቱ ፍራንሲን የኦራን ልጅ ናት፤ ወደ ቤተሰቦቿ ቀድማ ተመለሰች። እሱ ሊከተላት ሲል በኅዳር ወር የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር ሰሜን አፍሪካ ገባ። ጀርመኖችም ደቡብ ፈረንሳይን ያዙ። መንገዱ ተዘጋ። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ እንደ አይጦች የምትል ቃል ጻፈ። ከባለቤቱ ጋር የተገናኙት በ1944 ነው። በመሃል «ኮምባ» በሚባለው የሕቡዕ ጋዜጣ መሥራት ጀመረ።

ስለዚህ ራምቤር ካሙ ራሱ ነው ይላል መላሹ። እሱም ሊሄድ ነበር፤ ተከለከለ። መቅረቱን ምርጫ ያደረገው ከተከለከለ በኋላ ነው።

ነርሷ በ3ኛው መልስ ለጠየቀችኝ መልስ ይህ ይመስለኛል። እኔ ግን «ኮምባ» አልነበረኝም። ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ስልክ ነበር የማየው።

መልስ 14

13ኛውን በመደገፍ፣ ቸነፈሩ የጀርመን ወረራ ምሳሌ እንደሆነና ካሙም ይህን ለሐያሲው ለሮላን ባርት በ1955 በጻፈው ደብዳቤ እንደተናገረ አስታወሰ። ለማስረጃ መጽሐፉ መግቢያ ላይ ያለውን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የዳንኤል ዴፎን ቃል አነሣ። አንዱን እስራት በሌላ እስራት መመሰል ስለሚቻልበት የሚናገር ነው። ቃሉ የተወሰደው ዴፎ በ1722 ስለ ለንደን ቸነፈር ካሳተመው መጽሐፍ ነው አለ።

መልስ 15

አንድ መስመር እርማት ነው። ከዚያ አይደለም፣ ዴፎ ለሮቢንሰን ክሩሶ ሦስተኛ ቅጽ ከጻፈው መቅድም ነው።

መልስ 16፣ 17 እና 18

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ኳስ ሄደ። ራምቤርን ለማሳለፍ ከሚሞክሩት አንዱ ጎንዛሌስ የኳስ ተጫዋች ነው። ሁለቱ ብዙ የሚተማመኑት በእግር ኳስ ወሬ ነው። 16ኛው ካሙም በልጅነቱ ለአልጀርስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በረኛ እንደነበር ጻፈ። 17ኛው በ17 ዓመቱ ሳንባው ሲታመም እንዳቆመ ጨመረ። ነርሷን ያስለቀሳት ቦታ እንዲያ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል፤ የታማሚ ቤትን ከውስጥ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።

18ኛው ስለ ስታዲየሙ ነገረን። በልቦለዱ የከተማዋ ስታዲየም የለይቶ ማቆያ ይሆናል። ሜዳው ላይ ድንኳን ይተከላል። ዳኛ ኦቶን ልጁ ሲሞት እዚያ ተዘግቶበት ነበር። ጊዜው አልቆ ከወጣ በኋላ፣ በፈቃዴ ተመልሼ ልሥራ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ሲሆን ልጁ የቀረበው ይመስለዋል። 18ኛው ስለ ራምቤር ይህን ያህል የተጻፈው ለዚህ ደረቅ ዳኛ ግማሹ ቢጻፍለት ብሎ ቆጭቶታል።

መልስ 19

አንድ አባት ናቸው። እኛን ልጆቼ እያሉ ነው የጻፉት። አያታቸው በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ አይተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ የጠፋበት ጊዜ ነበር ብለው ነግረዋቸዋል። አንድ ቤት ለቀናት ጭስ ካልወጣበት ጎረቤት ሞተዋል ብሎ ያስባል፤ ሄዶ የሚያይ ግን የለም። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻው ሲታጠን አያታቸው ዝም ብለው እሳቱን ያዩ ነበር።

እሳቸውን ያስደነገጣቸው በልቦለዱ ውስጥ ያለው ቀብር ነው። በመጀመሪያ ሬሳ ሳጥን አለ፤ ጥድፊያ ብቻ ነው። ከዚያ ሳጥኑ ያልቅና እየታጠበ ይመላለሳል። ከዚያ ጉድጓዱ የወንድና የሴት ተብሎ ይለያል። ቆይቶ ያም ይቀራል። በመጨረሻ ሬሳው በሌሊት በባሕሩ ዳር በሚያልፈው ትራም ይጫናል። ሰው አበባ ይዞ ገደሉ ላይ ይቆምና ትራሙ ሲያልፍ ይወረውራል። አፈር ያላለበሰ ሰው እጁ ባዶ እንደቀረ ነው አሉ።

መልስ 20

የኅዳር በሽታ የአይጥ ቸነፈር እንዳልነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እንደነበር አስረዳ። ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። የቸነፈሩን ተህዋስ ያገኘው አሌክሳንደር የርሲን ነው፣ በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ። ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቁንጫ መሆኑን የደረሰበት ደግሞ ፖል ሉዊ ሲሞን ነው፣ በ1898 ካራቺ ላይ። እርማቱ ትክክል ነው። ግን አባትየው በሽታዎቹ አንድ ናቸው አላሉም። ስለ ጭሱና ስለ ቀብሩ ነው የነገሩን።

መልስ 21

የመጽሐፉን መጨረሻ ዘረገፋችሁብኝ ብላ አማረረች። ገና ገጽ 90 ላይ ናት። ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ከዚህ በታች ያለውን አታንብቢው አልኳት።

መልስ 22

መጽሐፉ አሰልቺ ነው የሚል መልስ መጣ። ቀዝቃዛ ነው፣ ሴት የለበትም፣ ያሉትም እናትና ሚስት ብቻ ናቸው፣ የሚናገሩት ደግሞ ሁሉም እንደ ፈላስፋ ነው አለ። ስለ ሴቶቹ እውነቱን ነው። ስለ ቅዝቃዜው ግን አልስማማም። ግራን የሚባለው የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሥራ ላይ ውሎ፣ የሟቾችን ቁጥር መዝግቦ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። በግንቦት ጠዋት ፈረስ ላይ ስለተቀመጠች ሴት ነው። ዓመታት ሙሉ ቃሏን ይለዋውጣል እንጂ ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አልተሻገረም። የተወችው ሚስቱ አለች፤ ለእሷ የሚጽፈው ደብዳቤም አላልቅ ብሎታል። ገና በዓል ቀን የሱቅ መስኮት ፊት ቆሞ ሲያለቅስ ሪዩ ያየዋል። ጀግና ካስፈለጋችሁ ይህን ውሰዱ የሚለን ተራኪው ራሱ ነው። ቀዝቃዛ ሰው ይህን አይጽፍም።

መልስ 23

ስለ መጨረሻው አንቀጽ ነው። ተህዋሱ እንደማይሞት፣ በቤት ዕቃና በልብስ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይ፣ አንድ ቀን አይጦቹን ቀስቅሶ ደስተኛ ከተማ ውስጥ እንዲሞቱ እንደሚልክ የሚናገረው። መላሹ ይህን ብዙ ሰው ምሳሌ ብቻ አድርጎ ያነበዋል አለ። ግን አልጄሪያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቸነፈር ሳታይ ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው ተመልሶ መጣ። የመጣውም እዚያው ኦራን አካባቢ ነው። 18 ሰዎች ታመሙ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 24

ከሮም የምትጽፍ ሴት ናት። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ቤት ተዘግቶባት ሳለ አባቷ አዲስ አበባ ውስጥ አረፉ። ቤተሰቧ ወጉ እንዳይጓደል ብሎ አልደወለላትም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰዎች ተሰብስበው ንጋት ላይ ቤቷ ሄደው፣ በሯን አንኳኩተው፣ ደግፈው ሊነግሯት ይገባል። ሮም ላሉ ዘመዶች ተነገራቸው። ዘመዶቿ ግን ከቤት መውጣት አይችሉም። ዛሬ ይፈታል፣ ነገ ይፈታል ሲባል አሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ። ያን ሁሉ ቀን እሷ አባቷን ሰላም በሉልኝ ትል ነበር። በመጨረሻ እህቷ ደውላ ነገረቻት። ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀመጠች። ደግፎ የሚይዛት ሰው አልነበረም።

የሪዩ ሚስት ታሪኩ ሲጀምር ለሕክምና ተራራ ላይ ወዳለ ሆስፒታል ትሄዳለች። አይጦቹ ገና መታየት ሲጀምሩ ነው ባቡር ጣቢያ የሸኛት። በሩ ሲከፈት ይገናኙ ነበር። ጓደኛው ታሩ በሞተ ማግስት ጠዋት፣ እናቱ ሮጥ ብላ ቴሌግራም ታመጣለታለች። ለመልእክተኛው ጉርሻ ሰጥታ ስትመለስ ቴሌግራሙ በእጁ ተከፍቷል። እሱ በመስኮት ወደቡ ላይ የወጣውን ውብ ጠዋት እያየ ነው። ከሞተች ስምንት ቀን ሆኗት ነበር። እናቱን አታልቅሺ ይላታል።

ሴትዮዋ ይህ መርዶ ነው አለች። ፈረንሳዮች ቃሉ ይኑራቸው አይኑራቸው አታውቅም። ግን ጠዋቱ አለ፣ የዘገየው ወሬ አለ፣ ያለችው እናት ናት። እሷ እናት አልነበረቻትም፤ ስለዚህ ይህን ገጽ ስታነብ በሪዩ ቀናች። ይህን በመጻፏ ይቅርታ ጠይቃለች። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልነበረም። ብዙዎች ነፍስ ይማር ብለው አጽናንተዋታል። 9ኛውና 10ኛውም አብረው።

መልስ 25

ነርሷ ናት። ራምቤር ላይ ጨክና እንደነበር፣ የሮሟን ሴት መልስ ካነበበች በኋላ ወደ መጽሐፉ እንደተመለሰች ጻፈች። ያነበበችው ጣቢያው ላይ ያለውን ነው። በሮቹ ተከፍተው የፓሪሱ ባቡር ይመጣል። ራምቤር የሚፈልገው በወረርሽኙ መጀመሪያ የነበረውን ሰው መሆን ነው፤ በአንድ ዝላይ ከከተማው ወጥቶ ሊያቅፋት ይሮጥ የነበረውን። ያ ሰው ግን የለም። ሴትዮዋ ፊቷን ሳያየው ደረቱ ላይ ትወድቃለች። ያለቅሳል። ከደስታ ይሁን ከቆየ ሕመም አያውቅም። ዕንባው ባይጋርደው ኖሮ፣ ያቀፋት የናፈቃት ሴት መሆኗን ወይም እንግዳ ሰው መሆኗን ማየት ነበረበት። ነርሷ ከምድር ቤት ወጥታ ልጆቿን ስታቅፍ የሆነችውን ሆነ ብላ ይቅር አለችው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። አንተስ ቦሌ ስትደርስ እንዴት ሆንክ?

መልስ 26

የእኔ ነው። ባለቤቴ ልጃችንን አቅፋ ውጭ ቆማ ነበር። አራት ወር አልፏት ነበር። ማስክ ማድረጌን ረስቼዋለሁ። ልቀበላት እጄን ስዘረጋ ጮኸች። ፊቷን ወደ እናቷ አንገት አዞረች። ባለቤቴ አባትሽ ነው እኮ አለቻት። በስልክ ድምፄን ስትሰማ ትስቅ ነበር፤ ፊቴን ግን አታውቀውም። ለመኪናው ስንሄድ ሻንጣውን እኔ ያዝኩ፣ እሷን ባለቤቴ። እኔ ጋ እስክትተኛ ዘጠኝ ቀን ፈጀ።